ለትራያልስ ብስክሌት የማርሽ ምጣኔ እንዴት ይሰላል? እንዴትስ ይመረጣል?

ትራያልስ ጋላቢው እግሩን መሬት ሳያስነካ በድንጋይ፣ በግንድ፣ በኮንክሪትና በእንጨት መሰናክል ላይ የሚያልፍበት የብስክሌት ስፖርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በስፔን ካታሎኒያ ከሞተር ብስክሌት ትራያልስ የወጣ ሲሆን፣ ዛሬ በዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር በዩሲአይ ሥር የሚደረጉት ውድድሮች 20 ኢንች እና 26 ኢንች ጎማ ባላቸው ብስክሌቶች ይካሄዳሉ። በሁለቱ መካከል የሚገኘውን የ24 ኢንች ጎማ ደግሞ እንደ ስኮትላንዳዊው ዳኒ ማካስኪል ያሉ፣ በከተማ ደረጃዎችና በግንብ ላይ የሚጋልቡ ሰዎች ይመርጡታል።

የውድድር ትራያልስ ብስክሌት ኮርቻ የለውም፣ ማርሹም አንድ ብቻ ነው። በጉዞ ላይ ማርሽ የሚቀይረው ዕቃ ከኋላው ጎማ አጠገብ ዝቅ ብሎ ስለሚንጠለጠል ድንጋይ ይመታዋል። በቀጭን ማርሾች መካከል የሚዘዋወር ካቴና ደግሞ ጋላቢው በሙሉ ክብደቱ ፔዳሉን ሲመታ ከጥርሱ ሊዘል ይችላል። በዚህ ምክንያት ከፊት ስንት ጥርስ፣ ከኋላስ ስንት ጥርስ ይሁን የሚለው ውሳኔ ብስክሌቱ ሲገጣጠም አንድ ጊዜ ይወሰናል፤ ከዚያ በኋላም በእያንዳንዱ ዝላይ ውስጥ ይገባል። ለትራያልስ የሚሠሩ ዕቃዎች በአገር ቤት ሱቆች እንደ ልብ ስለማይገኙና አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ ስለሚመጡ፣ ገንዘብ ከመክፈል በፊት በወረቀት ላይ አስልቶ መጨረስ ትልቅ ጥቅም አለው።

ይህ መመሪያ የሚነሣው ከአንድ ሐሳብ ነው። የጥርስ ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ሊታወቅ የሚገባው እግር አንድ ጊዜ ፔዳሉን ሲመታ ብስክሌቱ በመሬት ላይ ምን ያህል እንደሚሄድና ለዚያም እግር ምን ያህል ኃይል እንደሚከፍል ነው። ይህን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ እነሱም የማርሾቹ ጥርስ፣ የኋላ ጎማው መጠን እና የክራንኩ፣ ማለትም ፔዳሉን የሚይዘው ክንድ፣ ርዝመት ናቸው። ከሦስቱ አንዱን ረስቶ የሌላ ሰው ብስክሌት ላይ ያዩትን ቁጥር መቅዳት በዚህ ስፖርት ጀማሪዎች ዘንድ በብዛት የሚታይ ችግር ነው።

በመጀመሪያ፦ የፔዳል ምት ምን እንደሆነ መረዳት

በመንገድ ብስክሌት ማርሽ የሚመረጠው ለፍጥነት ነው። በትራያልስ ግን ፍጥነት ከሒሳቡ ውጭ ነው ማለት ይቻላል። 18 ጥርስ ከፊት፣ 12 ጥርስ ከኋላ ያለው የ20 ኢንች ብስክሌት ፔዳሉ በደቂቃ 60 ጊዜ ሲዞር በሰዓት 8.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ይህ ፈጣን እግረኛ ከሚሄድበት ብዙም አይርቅም።

ዋናው ጉዳይ የፔዳል ምት ነው። ጋላቢው በኋላ ጎማው ላይ ቆሞ የኋላውን ፍሬን ይይዛል፣ የፊተኛውን ክራንክ ከአግድም ትንሽ ከፍ አድርጎ በእግሩ ይጫነዋል፣ ከዚያም ፍሬኑን ለቅቆ በዚያው ቅጽበት ፔዳሉን ወደ ታች ይመታል። ብስክሌቱ ከሥሩ ወደ ፊት ይወረወራል፣ እሱም አብሮት ይነሣል። ክራንኩ ሙሉ ዙር አይዞርም፤ ጠቃሚው ግፊት ሩብ ዙር ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ነው። ክራንኩ ቁልቁል ቀጥ ካለ በኋላ ክብደት ምንም አይሠራም።

ስለዚህ ማርሹ እጅግ ቀላል ከሆነ ሰውነት ገና ሳይነሣ ክራንኩ ታች ደርሶ ያልቃል። የኋላ ጎማው ላይ የሚደርሰው ኃይልም ስለሚበዛ አቧራ ባለበት ወይም በረጠበ ድንጋይ ላይ ጎማው በቦታው ሊሽከረከር ይችላል። ማርሹ እጅግ ከባድ ከሆነ ደግሞ ጎማው ዘግይቶ ይነሣል፣ ጋላቢውም የጎደለውን በክንዱና በወገቡ ለማካካስ ይሞክራል፤ ይህ ጀርባን ያደክማል፣ ዝላዩንም አቅጣጫ ያሳጣዋል። ትክክለኛው ማርሽ ክራንኩ ታች የሚደርስበትንና እግሮች ሙሉ በሙሉ የሚዘረጉበትን ቅጽበት ያገናኛል።

ደረጃ አንድ፦ መለካት

የሚያስፈልጉት የሜትር መለኪያ፣ ጠመኔና አንድ ረዳት ናቸው። የጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ኢንች ለስሌት አይበቃም። ለምሳሌ የ20 ኢንች የሚባለው የውድድር ትራያልስ ብስክሌት ከኋላው አብዛኛውን ጊዜ አነስ ያለ ቸርኬ አለው፤ የጎማው መቀመጫ ዲያሜትር 387 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ወፍራም ጎማ ሲገጠምበት የውጭ ዲያሜትሩ 505 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። የ26 ኢንች ቸርኬ መቀመጫ 559 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከነጎማው 680 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። የ24 ኢንቹ ደግሞ 507 ሆኖ ከነጎማው 627 አካባቢ ነው። የጎማው ውፍረት ከተለወጠ እነዚህም ይለወጣሉ።

የራስዎን ለማወቅ በኋላ ጎማው ላይ በጠመኔ አንድ መስመር ያስምሩ፣ መስመሩ መሬት የነካበትንም ቦታ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ ብስክሌቱ ላይ ቆመው ረዳትዎ ቀስ ብሎ ይግፋዎት፤ መስመሩ እንደገና መሬት ሲነካ ሁለተኛ ምልክት ያድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት የጎማው የጉዞ ዙሪያ ነው። ብስክሌቱ ላይ ቆሞ መለካት አስፈላጊ የሚሆነው የትራያልስ የኋላ ጎማ በ20 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) አካባቢ ባለ ዝቅተኛ አየር ስለሚነዳ በክብደት ስለሚረግብ ነው፤ ባዶውን የተለካ ጎማ ከእውነተኛው የበለጠ ቁጥር ይሰጣል። አየሩን ሁልጊዜ በሚጋልቡበት መጠን ሞልተው ይለኩ።

የክራንኩ ርዝመት ብዙውን ጊዜ በውስጠኛው ጎኑ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ካልተገኘ ከክራንኩ መዞሪያ መሐል እስከ ፔዳሉ መዞሪያ መሐል ይለካል። በ26 ኢንች ብስክሌት 170 እና 175 ሚሊ ሜትር የተለመዱ ሲሆኑ፣ በ20 ኢንች ከዚህ አጠር ያለ ይመረጣል። የማርሾቹን ጥርስ ለመቁጠር አንዱን ጥርስ በጠመኔ ምልክት አድርጎ መጀመር ከስሕተት ያድናል።

ደረጃ ሁለት፦ ሦስቱን ስሌቶች መሥራት

የመጀመሪያው ስሌት የማርሽ ምጣኔ ነው። የፊቱን ጥርስ ለኋላው ማካፈል ብቻ ይበቃል። 18 ለ12 ሲካፈል 1.5፣ 18 ለ15 ሲካፈል 1.2፣ 22 ለ18 ሲካፈል 1.22 ይሆናል። ይህ ቁጥር ክራንኩ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላ ጎማው ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይናገራል፤ ከዚህ በላይ የሚናገረው የለም።

ሁለተኛው ስሌት በሩብ ዙር የሚደረገው ጉዞ ነው። የጉዞ ዙሪያውን በማርሽ ምጣኔው አባዝተው ለ4 ያካፍሉ። ሩብ ዙርን የመረጥኩት ለአንድ የፔዳል ምት የሚቀርብ ልክ ስለሆነና ውጤቱን በመሬት ላይ በዓይን ማየት ስለሚቻል ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል፤ አሜሪካዊው የብስክሌት ባለሙያ ሼልደን ብራውን ያስተዋወቀው ስሌት ሲሆን፣ እዚህ የጉዞ ምጣኔ እለዋለሁ። ፔዳሉ በክቡ ላይ 1 ሜትር ሲጓዝ ብስክሌቱ ስንት ሜትር ይጓዛል የሚለውን ይመልሳል። የጉዞ ዙሪያውን በማርሽ ምጣኔው ያባዙ፤ የክራንኩን ርዝመት ደግሞ በ6.2832 ያባዙ፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ያካፍሉ። ሁለቱም በሚሊ ሜትር መሆን አለባቸው። የክራንኩ ርዝመት በስሌቱ ውስጥ ስለገባ የተለያዩ ብስክሌቶችን በአንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ የሚችለው ይህ ቁጥር ብቻ ነው።

ከላይ በተሰጡት የጎማ ዲያሜትሮች፣ መርገቡን ሳንቆጥር፣ የሚከተለው ይገኛል (18 በ12 ማለት ከፊት 18፣ ከኋላ 12 ጥርስ ማለት ነው)፦

20 ኢንች፣ 18 በ12፣ ክራንክ 165፦ በሩብ ዙር 595 ሚሊ ሜትር፣ የጉዞ ምጣኔ 2.30
24 ኢንች፣ 18 በ14፣ ክራንክ 170፦ በሩብ ዙር 633 ሚሊ ሜትር፣ የጉዞ ምጣኔ 2.37
26 ኢንች፣ 18 በ16፣ ክራንክ 175፦ በሩብ ዙር 601 ሚሊ ሜትር፣ የጉዞ ምጣኔ 2.19
26 ኢንች፣ 18 በ15፣ ክራንክ 175፦ በሩብ ዙር 641 ሚሊ ሜትር፣ የጉዞ ምጣኔ 2.33
26 ኢንች፣ 22 በ18፣ ክራንክ 175፦ በሩብ ዙር 653 ሚሊ ሜትር፣ የጉዞ ምጣኔ 2.37

የማርሽ ምጣኔዎቹ ከ1.125 እስከ 1.5 ተራርቀው ሳለ የጉዞ ምጣኔዎቹ እንዴት እንደተቀራረቡ ልብ ይበሉ። የ20 ኢንቹ 18 በ12 እና የ26 ኢንቹ 18 በ15 በወረቀት ላይ ሲታዩ እጅግ የተለያዩ ይመስላሉ፤ በእግር ሥር ግን አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። የእነዚህ ብስክሌቶች የተለመዱ ማርሾች በልማድ ብቻ የጸኑ አይደሉም፤ የሰው እግር ጉልበትና የአንድ ምት ርዝመት ሁሉንም ወደ ተመሳሳይ ቦታ ስቧቸዋል።

የጉዞ ምጣኔው ስለ ኃይልም ይናገራል። 80 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በአግድም ክራንክ ላይ ሙሉ ክብደቱን ቢጥል በፔዳሉ ላይ 785 ኒውተን ያርፋል። በ2.33 የጉዞ ምጣኔ ከዚህ ውስጥ ወደ መሬት የሚደርሰው 337 ኒውተን ገደማ ሲሆን፣ በ2.19 ደግሞ 359 ኒውተን ገደማ ነው። ከኋላ አንድ ጥርስ መጨመር የ6 በመቶ ተኩል ያህል ተጨማሪ ግፊት ይሰጣል፤ በምላሹ ግን በሩብ ዙር 4 ሴንቲ ሜትር ጉዞ ይወስዳል። በረጅም ክፍተት ላይ መዝለል ለሚፈልግ ሰው 4 ሴንቲ ሜትር ቀላል ነገር አይደለም።

ደረጃ ሦስት፦ የፔዳሉን ባዶ ጉዞ በሒሳብ ማስገባት

ብስክሌት ወደ ፊት ሲነዳ የሚይዝ፣ ፔዳሉ ሲቆም ደግሞ ጎማውን በነጻ የሚለቅ ዕቃ አለው፤ ፍሪዊል ይባላል። በትራያልስ ብስክሌት ከፊት በክራንኩ ላይ ወይም ከኋላ በጎማው ማዕከል ውስጥ ሊሆን ይችላል። በውስጡ ያሉት ጥርሶች እስኪያያዙ ድረስ ፔዳሉ በባዶ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ካቴናውን ይስባል።

360 ለሚያያዝባቸው ነጥቦች ብዛት ሲካፈል ከፍተኛውን ባዶ ጉዞ በዲግሪ ይሰጣል። 72 ነጥብ ያለው ፍሪዊል 5 ዲግሪ፣ 108 ነጥብ ያለው 3.3 ዲግሪ ነው። ፍሪዊሉ ከፊት ከሆነ ይህ በቀጥታ የክራንክ ዲግሪ ነው፤ በ175 ሚሊ ሜትር ክራንክ ላይ የመጀመሪያው በፔዳሉ ላይ 15 ሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው 10 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ከኋላ ከሆነ ግን ዲግሪው የጎማው ስለሆነ ለማርሽ ምጣኔው መካፈል አለበት። 72 ነጥብ ያለው የኋላ ማዕከል በ1.2 ምጣኔ ክራንኩ ላይ 4.2 ዲግሪ ብቻ ይሰማል። ማርሽን ማቅለል የኋላ ማዕከልን ባዶ ጉዞ እንደሚጨምር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ተራ የተራራ ብስክሌት ማዕከል 18 ነጥብ ብቻ ቢኖረው በዚሁ ምጣኔ እስከ 16.7 ዲግሪ ይባክናል፤ በፔዳሉ ላይ ሲለካ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ከሩብ ዙሩም ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ነው። በፍሬን ተይዞ ፔዳሉ አስቀድሞ ለተጫነበት ምት ይህ ችግር አይታይም፤ ምክንያቱም ጥርሶቹ ቀድመው ተያይዘዋል። ችግሩ የሚከፋው ብስክሌቱ እየተንከባለለ ሳለ ድንገት ፔዳሉን መምታት ሲያስፈልግ ነው። ማርሼ ቀልሎኛል ብሎ የሚያማርር ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው ይህ ባዶ ጉዞ እንጂ ማርሹ አይደለም፤ ጥርስ ከመለወጥ በፊት ፍሪዊሉን መመርመር ተገቢ ነው።

ደረጃ አራት፦ መነሻውን መምረጥ

እኔ የምመክረው አዲስ ጋላቢ የጉዞ ምጣኔውን ከ2.15 እስከ 2.3 ባለው ውስጥ እንዲጀምር ነው። በ26 ኢንች ጎማ 18 በ16፣ በ20 ኢንች ደግሞ 18 በ12 በዚህ ክልል ውስጥ ይወድቃሉ። በኋላ ጎማ ላይ ቆሞ ሚዛን መጠበቅን ገና የሚማር ሰው ትናንሽ ምቶችን በተደጋጋሚ ስለሚመታ ቀላል ማርሽ ሚዛኑን ለማረም ይረዳዋል። ስልቱ ከጸና በኋላ፣ በተለይ በኋላ ጎማ ረጅም ክፍተት መዝለል ዋና ፍላጎቱ ከሆነ፣ ወደ 2.3 እና 2.4 መሄድ ይቻላል። በተፈጥሮ ድንጋይ ላይ፣ ዳገታማና የሚያንሸራትት ቦታ ላይ ለሚጋልብ ሰው ግን ልምዱ ከፍ ቢልም በዝቅተኛው ወገን መቆየት ጥሩ ነው ብዬ አምናለሁ። እንዲህ ያለ ቦታ ከርቀት ይልቅ ቁጥብ የሆነ፣ ልኩ የሚታወቅ ግፊት ይፈልጋልና።

ክብደትም ይቆጠራል፣ ግን ሰዎች እንደሚያስቡት አይደለም። ከባድ ሰው ብስክሌቱን ለማንሣት የሚያስፈልገው ኃይል ይበዛል፤ ሆኖም ያው ክብደቱ ፔዳሉንም ይጫናል። ልዩነቱን የሚፈጥረው ከክብደት ጋር ሲነጻጸር የሚገኘው የእግር ጉልበት ነው። ቀጭን ሆኖ እግሩ ብርቱ የሆነ ጋላቢ ከባድ ማርሽ ሊያሽከረክር ይችላል።

የክራንክ ርዝመት ምን ያህል እንደሚለውጥ ለማየት የልጅ ብስክሌትን እንውሰድ። አንድ ልጅ በ20 ኢንች ብስክሌት ላይ ለእግሩ የሚመጥን 150 ሚሊ ሜትር ክራንክ ተገጠመለት እንበል። ማርሹ 18 በ12 ሆኖ ቢቀር የጉዞ ምጣኔው 2.52 ይደርሳል፤ ይህ ብዙ አዋቂዎች ከሚነዱት ይበልጥ ከባድ ነው። ወደ 2.3 አካባቢ ለመመለስ የኋላው 13 ጥርስ መሆን አለበት፤ ውጤቱም 2.33 ይሆናል። 14 ቢሆን 2.16 ስለሚሆን ለጀማሪ ልጅ ይህ የተሻለ ነው። በአዋቂም ላይ ቢሆን ከ175 ወደ 170 ሚሊ ሜትር ክራንክ መለወጥ የጉዞ ምጣኔውን በ3 በመቶ ያህል ያከብደዋል፤ ከኋላ ግማሽ ጥርስ እንደመቀነስ ማለት ነው።

ደረጃ አምስት፦ ዕቃ ሳይገዙ መሞከር

ብዙ የተራራ ብስክሌቶች ከፊት ሦስት ማርሽ አላቸው፤ ትንሹም በብዙዎቹ 22 ወይም 24 ጥርስ ነው። ከኋላ ባሉት ማርሾች ውስጥ ደግሞ 18 ወይም 20 ጥርስ ያለው ብዙ ጊዜ አይጠፋም። 22 በ18 ማለት 1.22፣ 24 በ20 ማለት 1.2 ነው። ስለዚህ 26 ኢንች ጎማ ያለው ተራ የተራራ ብስክሌት የትራያልስን ማርሽ በውስጡ ይዞ ይሆናል፤ ከኋላ አንድ ማርሽ ወደላይና ወደታች በመቀየርም ልዩነቱን በእግር ማወቅ ይቻላል።

ሙከራው ለስሜት ብቻ ነው። ኮርቻውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርገው፣ በሜዳ ላይ፣ ከቆሙበት በአንድ ምት የፊት ጎማውን ማንሣትና በኋላ ጎማው ጥቂት መንከባለል ይበቃል። በሙሉ ክብደት መምታት አይገባም፤ በማርሽ ቀያሪ የሚመራ ካቴና ሊዘል ይችላል፤ በዚያ ቅጽበት ጋላቢው በመሪው ላይ ይወድቃል።

ደረጃ ስድስት፦ ከፊት 18 ወይስ 22?

አንድ ምጣኔ በተለያዩ ጥርሶች ሊገኝ ይችላል። 18 በ15 እና 22 በ18 የሚቀራረቡ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ብስክሌቱ ላይ የሚያመጡት ውጤት ይለያያል። ፍሪዊሉ ከፊት ከሆነ ምርጫው በአብዛኛው አስቀድሞ ተወስኗል፤ የተለመደው የፊት ፍሪዊል 18 ጥርስ ስለሆነ የሚለወጠው የኋላው ብቻ ነው። ፍሪዊሉ በኋላ ማዕከል ውስጥ ከሆነ ግን የፊቱን መምረጥ ይቻላል።

ልዩነቱ በካቴናው ላይ በሚያርፈው ኃይል ይታያል። የ18 ጥርስ ማርሽ ከመሐሉ እስከ ካቴናው መስመር 36.6 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን የ22ቱ 44.6 ነው። ከላይ የተጠቀሰው የ80 ኪሎ ግራም ሰው በ175 ሚሊ ሜትር ክራንክ ላይ ዝም ብሎ ቢቆም ካቴናው በ18 ጥርስ 3,750 ኒውተን፣ በ22 ጥርስ 3,080 ኒውተን ገደማ ይሸከማል። በምት ጊዜ ኃይሉ ከዚህም ይበልጣል። ትልቁ ማርሽ የካቴናውን ሸክም ወደ 18 በመቶ ያቀልላል፣ ፍሬሙ የሚታጠፍበትንም ኃይል ይቀንሳል። በተጨማሪም ከኋላ ብዙ ጥርስ ሲኖር አንድ ጥርስ መጨመር ወይም መቀነስ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው፤ ከ15 ወደ 16 መሄድ 6.25 በመቶ ሲለውጥ ከ18 ወደ 19 መሄድ 5.3 በመቶ ብቻ ይለውጣል። ማርሹን በጥቂቱ ማስተካከል ለሚፈልግ ሰው ይህ ይጠቅማል።

በሌላ በኩል የ22ቱ ማርሽ በ8 ሚሊ ሜትር ወደ መሬት ይቀርባል። በድንጋይ ጫፍ ላይ የብስክሌቱን ሆድ አሳርፎ መሻገር ለሚያዘወትር ሰው 8 ሚሊ ሜትር ብዙ ነው፤ የማርሹ መከላከያ ሳህንም ቶሎ ይጎዳል። ለውድድርና ለተፈጥሮ ድንጋይ 18ን፣ ለከተማ ግልቢያና ለከባድ ሰው 22ን እመርጣለሁ።

ደረጃ ሰባት፦ መግጠም

ካቴናው በሁለት ማርሾች መካከል ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት። ረጅም ቀጥ ያለ ማስመሪያ ከፊተኛው ማርሽ ጎን አስደግፈው ወደ ኋላ ሲዘረጉት የኋላውንም ማርሽ በእኩል መንካት አለበት። ከተዛነፈ በቀለበት ማካካስ ያስፈልጋል። የካቴናው ስፋትና የጥርሶቹ ውፍረትም መስማማት አለባቸው፤ ለአንድ ማርሽ የተሠራ ወፍራም ካቴና ቀጭን ጥርስ ላይ ይወዛወዛል።

እንደ ብሎን በጥምዝ የሚገጠም የኋላ ማርሽ ፔዳሉ በተመታ ቁጥር ይበልጥ ስለሚጠብቅ ለመፍታት ካቴና የተያያዘበት መፍቻና ረጅም እጀታ ያስፈልጋል። ሲመለስ ጥምዙ ላይ ግራሶ መቀባት አይዘንጋ፤ ያለዚያ በሚቀጥለው ጊዜ ላይፈታ ይችላል።

ከኋላ አንድ ጥርስ ሲጨመር የኋላ ጎማው በግምት 3 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት መምጣት አለበት፤ ሲቀነስ ደግሞ ያን ያህል ወደ ኋላ ይሄዳል። ይህ ሁለት ውጤት አለው። አንደኛ፣ የፍሬሙ ማስገቢያ ቦታ ካልበቃ ካቴናውን ማስረዘም ወይም ማሳጠር ግድ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ብዙዎች የሚዘነጉት፣ ጎማው ስለተንቀሳቀሰ ቸርኬውን የሚይዘው የፍሬን ሸራ ከቦታው ይዛነፋል። ሸራው ከቸርኬው ጠርዝ ወጥቶ ጎማውን እንዳይነካ እንደገና መስተካከል አለበት። የዲስክ ፍሬን ላለውም የመያዣው አቀማመጥ ይታይ።

ካቴናው በመሐሉ በጣት ሲጫን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ቢረግብ በቂ ነው። ማርሾች ፍጹም ክብ ስላልሆኑ ክራንኩን ቀስ እያሉ አዙረው እጅግ በሚወጠርበት ቦታ ላይ ይለኩ። ማርሽ ሲለወጥ ካቴናውም ይለካ፦ 25 ተከታታይ ካስማዎች ከመጀመሪያው መሐል እስከ መጨረሻው መሐል የሚሸፍኑት ርቀት በአዲስ ካቴና 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 306.3 ከደረሰ መለወጥ አለበት። ያረጀ ካቴና በአዲስ ማርሽ ላይ ይዘላል፣ አዲሱንም ማርሽ ይበላል፤ በምት መሐል ቢበጠስ ደግሞ ጋላቢው ጉልበቱን ወይም ፊቱን ሊጎዳ ይችላል። በዚህ ላይ ገንዘብ መቆጠብ የለበትም።

ደረጃ ስምንት፦ መፈተንና ማረም

በመጀመሪያ ስሌቱን ያረጋግጡ። ክራንኩን አንድ ሙሉ ዙር አዙረው ብስክሌቱ የሄደበትን ርቀት ይለኩ፤ ለ4 ሲካፈል ከሩብ ዙር ስሌትዎ ጋር መገናኘት አለበት። ካልተገናኘ ጥርስ ተሳስቶ ተቆጥሯል።

ከዚያ በሜዳ ላይ ሁለት መስመር በጠመኔ አስምረው ከአንዱ ወደ ሌላው በኋላ ጎማ መዝለልን ይሞክሩ፤ ርቀቱን ቀስ በቀስ ያስፉ። ሊደርሱበት በማይችሉት ርቀት ላይ ምን እንደሚጎድል በጥንቃቄ ይመልከቱ። ክራንኩ ታች ደርሶ እግርዎ ገና ካልተዘረጋ ማርሹ ቀሏል። እግርዎ ተዘርግቶ አልቆ ክራንኩ ገና በመንገድ ላይ ከሆነ ማርሹ ከብዷል። ረዳት ከጎን ሆኖ በስልክ በዝግታ ቢቀርጽዎት ይህ በግልጽ ይታያል፤ በስሜት ብቻ መለየት ግን ያስቸግራል።

ሁለተኛው ፈተና ወደ ላይ ነው። ጉልበት ከፍታ በማይደርስ ጠንካራ ሳጥን ወይም ግንብ ላይ በአንድ ምት ይውጡ። በልምምዱ መጀመሪያ ብቻ ሳይሆን እግር ከደከመ በኋላም ይሞክሩት፤ በውድድር ላይ ያለው እግር የደከመ እግር ነውና። ትኩስ እግር የሚችለውን ከባድ ማርሽ መምረጥ በመጨረሻዎቹ መሰናክሎች ላይ ያስከፍላል።

ለውጥ ካስፈለገ ከኋላ አንድ ጥርስ ብቻ ይለውጡ፤ በዚያው ጊዜ የጎማውን አየር፣ ክራንኩን ወይም መሪውን አይንኩ። አዲስ ማርሽ መጀመሪያ ላይ ሁልጊዜ እንግዳ ይሆናል፤ የምቱ ቅጽበት በሰውነት ውስጥ የተቀረጸ ስለሆነ ከአዲሱ ጋር እስኪስማማ ተደጋጋሚ ልምምድ ይጠይቃል። ስለዚህ በአንድ ከሰዓት በኋላ አይፍረዱ። የጥርሱን ቁጥር፣ የክራንኩን ርዝመት፣ የጎማውን ዓይነትና አየር፣ የጉዞ ምጣኔውን፣ እንዲሁም የዘለሉትን ርቀት በደብተር ይመዝግቡ። ጎማው አርጅቶ በሌላ ውፍረት ሲለወጥ የጉዞ ዙሪያውን እንደገና ይለኩ፤ ዲያሜትሩ በ20 ሚሊ ሜትር ቢጨምር በ26 ኢንች ብስክሌት የጉዞ ምጣኔው በ3 በመቶ ያህል ይከብዳል።